ተጠየቅ በወረቀት፦ የብሪታንያ እንደራሴ ሚኒስትርን በጽሑፍ እንዴት ያፋጥጣል

ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር በምክር ቤቱ ፊት ሲጠየቅ በቴሌቪዥን ያላየ ጥቂት ነው። ጩኸቱ፣ ሳቁና ሽርደዳው ያዝናናል፤ መረጃ ለሚፈልግ ግን እምብዛም አይጠቅምም። ቆሞ የሚጠየቅ ሚኒስትር በቀልድም ያመልጣል፣ ተቃዋሚውን ፓርቲ በመውቀስም ያመልጣል። በጽሑፍ ሲጠየቅ ግን ማምለጫው ይጠብበታል። መልሱ ከነስሙና ከነቀኑ ይቀመጣል፣ ከአምስት ዓመት በኋላም ወጥቶ ይነበብበታል። የድሮውን የተጠየቅ ሙግት የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ጥበቡ ባላጋራን መሳደብ ላይ ሳይሆን አንድ ጊዜ ከአፉ ያወጣው ቃል መልሶ እንዲይዘው ማድረግ ላይ ነው።

የጽሑፍ መልስ በታችኛው ምክር ቤት የተለመደው በ1902 በተደረገ የአሠራር ለውጥ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ምክንያቱ ተራ ነበር፤ የቃል ጥያቄው በዝቶ የምክር ቤቱን ሰዓት ስለበላ ከፊሉ ወደ ወረቀት ተገፋ። ዛሬ በየዓመቱ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ የጽሑፍ ጥያቄዎች ይቀርባሉ።

መንገዱ እንዲህ ነው። እንደራሴው ጥያቄውን ጽፎ “ቴብል ኦፊስ” ወደሚባለው የምክር ቤቱ ጸሐፊዎች ቢሮ ይልካል። ጸሐፊዎቹ ከየትኛውም ፓርቲ ያልሆኑ ሠራተኞች ናቸው፤ ጥያቄው ደንቡን ማሟላቱን ያያሉ፣ ካላሟላ ለማስተካከል እንደራሴውን ያነጋግራሉ። ያለፈው ጥያቄ መለያ ቁጥር ተሰጥቶት ይታተማል። ከዚያ ወደ ሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይሄዳል፣ አንድ ባለሙያ መልስ ያረቅቃል፣ ከረቂቁ ጋር ለሚኒስትሩ ብቻ የሚሆን ማብራሪያ ያያይዛል። ሚኒስትሩ ወይም ምክትሉ አይቶ ሲያጸድቀው መልሱ ለጠያቂው ይላካል፣ በምክር ቤቱ ድረ ገጽም ለሁሉም ይወጣል። ስለዚህ ጥያቄ ሲጻፍ መጀመሪያ የሚታሰበው ሚኒስትሩ አይደለም። ጠረጴዛው ላይ አስር ጥያቄ የተከመረበትና አለቃውን ችግር ውስጥ የማይከት ዓረፍተ ነገር የሚፈልግ ባለሙያ ነው የሚያነበው።

ሁለት ዓይነት ጥያቄ አለ። ተራው ጥያቄ ቁጥር አይገደብበትም፤ በልማድ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይመለሳል ተብሎ ይጠበቃል። ሌላው ቀን የተቆረጠለት ነው፦ እንደራሴው መልሱን የሚፈልግበትን ቀን ራሱ ይጽፋል። ሰኞ የገባ ጥያቄ ቶሎ ቢባል ለሐሙስ ነው የሚቆረጠው። ይህን ዓይነቱን አንድ እንደራሴ በቀን ከ5 በላይ ማቅረብ አይችልም። ፈጣን ስለሆነ ሁልጊዜ ይሻላል የሚመስለው ብዙ ነው፤ አይደለም። ከበድ ያለ አኃዝ በሦስት ቀን ውስጥ ሲጠየቅ በቀኑ የሚመጣው “በተቻለ ፍጥነት እመልሳለሁ” የምትል ጊዜያዊ መልስ ትሆናለች። ቀን መቁረጥ የሚጠቅመው መልሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ለሚያልቅ ጥያቄ ነው፦ ውሉ መቼ ተፈረመ? ማን ፈረመው?

ጸሐፊዎቹ ሳይቀበሉ ከሚመልሷቸው ጥያቄዎች አብዛኞቹ በጥቂት ስህተቶች የሚወድቁ ናቸው። ጥያቄው መረጃ የሚጠይቅ ወይም እርምጃ እንዲወሰድ የሚወተውት መሆን አለበት እንጂ ንግግር ወይም ክርክር መሆን የለበትም። ፍርድ ቤት የያዘውን ጉዳይ አይነካም። በቂ መሠረት በሌለው ወሬ ላይ አይቆምም። ከሁሉ በላይ ግን ሚኒስትሩ ኃላፊነት ያለበት ጉዳይ መሆን አለበት። የለንደን አንድ ወረዳ ምክር ቤት ስለሚያከራየው ቤት፣ ወይም የስኮትላንድ መንግሥት ስለሚያስተዳድራቸው ሆስፒታሎች፣ ዌስትሚኒስተር (የለንደኑ ምክር ቤት) ላይ ቢጠየቅ “አይመለከተኝም” ነው መልሱ። አንድ ጊዜ የተመለሰን ጥያቄ በዚያው የምክር ቤት ዘመን መድገምም አይፈቀድም። ሚኒስትሩ አልመልስም ያለውን ግን ከ3 ወር በኋላ እንደገና ማቅረብ ይቻላል፤ ይህቺን ቀን መዝገባቸው ላይ ጽፈው የሚጠብቁ እንደራሴዎች አሉ፣ የሚፈሩትም እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ አጻጻፉ። “መንግሥት ምን እርምጃ እየወሰደ ነው?” የምትለው በጣም የተለመደች ናት፣ በጣም ደካማም ናት። ባለሙያው ባለፈው ዓመት የወጡ መግለጫዎችን ሰብስቦ ይደረድራል፣ ጥያቄው ተመለሰ ይባላል። “ሚኒስትሩ ከእገሌ ጋር ተነጋግረዋል ወይ?” ሲባልም “ሚኒስትሮች ከአቻዎቻቸው ጋር በየጊዜው ይነጋገራሉ” ይመጣል። ለእንዲህ ያለው ጥያቄ እንዲህ ያለው መልስ ቢመጣ ጥፋቱ የጠያቂው ነው።

በአዲስ አበባ ስለሚቀርቡ የቤተሰብ ቪዛ ማመልከቻዎች መጠየቅ ተፈለገ እንበል። “ቪዛ ለምን ይዘገያል?” ብሎ የሚጠይቅ “እያንዳንዱ ማመልከቻ በራሱ ሁኔታ ይታያል” ተብሎ ይሸኛል። ከጥር 1 እስከ ሰኔ 30 ከኢትዮጵያ ዜጎች የቀረቡት የትዳር ጓደኛ ቪዛ ማመልከቻዎች ስንት እንደሆኑ፣ ከእነሱም በመሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ ከተቀመጠው ጊዜ ያለፉት ስንት እንደሆኑ የጠየቀ ግን ወይ ቁጥር ያገኛል፣ ወይ ቁጥሩን የሚከለክልበትን ምክንያት በጽሑፍ ያገኛል። ሁለቱም ይጠቅማሉ። ከዚያ በፊት ግን የታተመውን ስታቲስቲክስ ማገላበጥ ግድ ነው፤ ሠንጠረዥ ውስጥ ያለ ነገር ከተጠየቀ መልሱ አንድ ሊንክ ብቻ ይሆናል፣ ሳምንቱም በከንቱ ያልፋል።

በሰፊው የሚያጠምደው ወጥመድ የወጪው ነው። አንድን ጥያቄ ለመመለስ የሚያስፈልገው ሥራ ከ850 ፓውንድ በላይ ያስወጣል ተብሎ ከተገመተ፣ መሥሪያ ቤቱ “መረጃው የሚገኘው ተመጣጣኝ ባልሆነ ወጪ ብቻ ነው” ብሎ መተው ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ የሚሆነው ቁጥሩ በኮምፒውተር ሳይቀመጥ በየፋይሉ ተበትኖ ሲገኝ ነው። መድኃኒቱ ጥያቄውን መከፋፈል ነው፦ አስር ዓመት የተጠየቀው አንድ ዓመት ይሁን፣ መላው አገር የተጠየቀው አንድ ቢሮ ይሁን። ከዚያ የሚሻል ደግሞ አለ፤ አስቀድሞ ስለ መረጃው ራሱ መጠየቅ። “መሥሪያ ቤቱ ስለዚህ ጉዳይ ምን ይመዘግባል? በምን መልክ?” ለዚህ ወጪ አያወጡም። መልሱ ሲመጣ ሁለተኛውን ጥያቄ በራሳቸው ቋንቋና በራሳቸው የመዝገብ ዓምድ ልክ መቁረጥ ነው። “አንመዘግብም” ቢሉም ዜና ነው። በ2020 መስከረም ላይ የሕንድ የሠራተኛ ሚኒስቴር፣ በኮሮናው እግድ ወቅት ወደ ቀያቸው ሲመለሱ የሞቱ ተጓዥ ሠራተኞች ስንት እንደሆኑ በጽሑፍ ተጠይቆ እንዲህ ያለ መረጃ እንደማይያዝ ሲመልስ፣ አገሩን ያስቆጣው ያ “የለም” ራሱ ነበር።

መልስ ሲመጣ የሚነበበው የተባለውም ያልተባለውም ነው። ጥያቄው “ሚኒስትሮች ወይም ባለሥልጣናት” ብሎ መልሱ ስለ ሚኒስትሮች ብቻ ከተናገረ፣ ባለሥልጣናቱ የት ገቡ? “በአሁኑ ጊዜ ዕቅድ የለም” ሲል ትናንት ነበረ ወይ? እዚህ ላይ ነው የቀደመውን መልስ መለያ ቁጥር ጠቅሶ “በዚህ መልስ መሠረት” ብሎ የሚጀምረው ተከታይ ጥያቄ የሚሠራው። ቁጥሩን መጥቀስ መሥሪያ ቤቱን ከራሱ ቃል ጋር ያስራል።

ይህ ትዕግሥት ምን እንደሚያመጣ ለማየት የቤልግራኖን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። በግንቦት 1982 በፎክላንድ ጦርነት የብሪታንያ ሰርጓጅ መርከብ ጄኔራል ቤልግራኖ የተባለችውን የአርጀንቲና የጦር መርከብ አሰጠመ፤ 323 ሰው ሞተ። የመከላከያ ሚኒስትሩ መርከቧ ወደ ብሪታንያ ጦር እየቀረበች ነበር አሉ። ታም ዳልየል የተባሉት የሌበር እንደራሴ ግን ስለ ጦርነቱ ትክክለኛነት ንግግር በማድረግ ብቻ አልተወሰኑም፤ በጥያቄም በደብዳቤም ጥቃቅኑን አጥብቀው ያዙ። መርከቧ መጀመሪያ የታየችው በየትኛው ቀን ነው? ስትመታ ወደ የትኛው አቅጣጫ ትጓዝ ነበር? ቀስ በቀስ መርከቧ ከብሪታንያ ጦር እየራቀች እንደነበር ወጣ። ክላይቭ ፖንቲንግ የተባሉት የመከላከያ ሚኒስቴር ሠራተኛ ለምክር ቤቱ የሚሰጠው መልስ አሳሳች ነው ብለው በ1984 ሰነድ ለዳልየል ላኩ፤ በምስጢር ሕግ ተከሰው በየካቲት 1985 ከሕዝብ የተውጣጡ ዳኞች (ጁሪ) ነጻ አሏቸው። አቅጣጫና ቀን የጠየቀ ሰው ባይኖር ኖሮ የመጀመሪያው መግለጫ እንደቆመ ይቀር ነበር።

የተገላቢጦሹ ምሳሌ ለኢራቅ የተሸጠው መሣሪያ ነው። መንግሥት ለኢራንና ለኢራቅ የሚሸጠውን የሚገድብ መመሪያ በ1985 ለምክር ቤቱ አስታውቆ ነበር። በታኅሣሥ 1988 ሦስት ምክትል ሚኒስትሮች መመሪያውን ለማላላት ተስማሙ፤ ለምክር ቤቱ ግን አልተነገረም፣ እንደራሴዎች ሲጠይቁም ፖሊሲው እንዳለ ነው የሚል መልስ ይሰጥ ነበር። ዳኛ ሪቻርድ ስኮት በየካቲት 1996 ያወጡት ሪፖርት ይህን አንድ በአንድ ዘረዘረ። በዚያ ላይ በተደረገው ክርክር መንግሥት የዳነው በአንድ ድምፅ ልዩነት ነው። በ1997 መጋቢት ምክር ቤቱ አንድ ውሳኔ አሳለፈ፦ ሚኒስትር እያወቀ ምክር ቤቱን ካሳሳተ ከሥልጣኑ ለመልቀቅ ጥያቄ ማቅረብ ይጠበቅበታል። ያለዚህ ውሳኔ የጽሑፍ ጥያቄ ጥርሱ ግማሽ ነው።

መልስ ሲዘገይስ? መጀመሪያ “በእገሌ ቀን የቀረበው፣ ቁጥሩ ይህ የሆነ ጥያቄ መቼ ይመለሳል?” የሚል ሁለተኛ ጥያቄ ይገባል። ቀጥሎ በምክር ቤቱ ውስጥ ለአፈ ጉባኤው ማሳሰብ፣ ሐሙስ ዕለት የመንግሥቱን የምክር ቤት ጉዳዮች መሪ በቃል መያዝ፣ ለአሠራር ኮሚቴው መጻፍ አለ። ኮሚቴው የየመሥሪያ ቤቱን የመልስ ፍጥነት ይከታተላል፣ የሚያንቀራፍፉትንም ጠርቶ ያነጋግራል። አንድ ነገር ግን መርሳት የለበትም፦ የምክር ቤቱ ዘመን ሲዘጋ ያልተመለሰ ጥያቄ ይሞታል። በመዝጊያው ሰሞን የገባ ከባድ ጥያቄ “ጊዜ አልበቃም” በምትል መስመር ይሸኛል፣ ሁሉም በአዲሱ ዘመን ከዜሮ ይጀምራል።

በእኛ አገር ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅና የአስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን ይሰጠዋል። ሥልጣኑ አለ ማለት ነው። ቁጥር ተሰጥቶት፣ ቀን ተቆርጦለት፣ መልሱም ለማንም ሰው ተፈልጎ የሚገኝ የጽሑፍ ጥያቄ ልማድ ቢታከልበት፣ በቴሌቪዥን ከምናየው ረጅም ማብራሪያ ይልቅ ብዙ የሚገኝበት ይመስለኛል።

ብሪታንያ ለሚኖሩ ወገኖች ግን መሣሪያው ዛሬም በእጅ ነው። እንደራሴ የሚያገለግለው የአካባቢውን ነዋሪ ሁሉ ነው፤ የመምረጥ መብት የሌለውም ሊጽፍለት ይችላል። ኢሜይሉ ላይ ሙሉ አድራሻና ፖስት ኮድ ካልሰፈረ ቢሮው ላይመልስ ይችላል፣ ምክንያቱም እንደራሴ የሚያስተናግደው የራሱን አካባቢ ነዋሪ ነው። የአንድ ሰው የቪዛ ጉዳይ በጽሑፍ ጥያቄ አይገፋም፤ ጥያቄው በይፋ ይታተማል፣ መልሱም “ስለ ግለሰብ ጉዳይ አንናገርም” ነው። እሱ በደብዳቤ ይሂድ። የብዙ ሰው ችግር ከሆነ ግን ጥያቄውን አርቅቆ መላክ ይሻላል፦ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ሚኒስትር፣ የተወሰነ ጊዜ፣ “ስንት” ወይም “መቼ”። ከሥሩ ሁለት መስመር ማብራሪያ፦ መረጃው ታትሞ እንዳልወጣ የት የት እንደተፈለገና መልሱ ለምን እንደሚያስፈልግ። ከመላኩ በፊት የምክር ቤቱ ድረ ገጽ መፈለጊያ ላይ “ኢትዮጵያ” ብሎ በእንግሊዝኛ መጻፍ ነው። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የተጠየቀው፣ ስለ ዕርዳታው የተጠየቀው፣ ከነመልሱና ከነመለያ ቁጥሩ እዚያ አለ፤ ምናልባትም የሚፈለገው ጥያቄ ግማሹ ተጠይቆ ሌላው ግማሽ ብቻ ይሆናል የቀረው።