«ሥራውን ተወው» ብዬ የለመንኩበት ሌሊት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን ምስክርነት እንድጽፍ የንስሐ አባቴ ደጋግመው ቢያሳስቡኝም እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ቆየ። ያቺን ሌሊት ሳስብ ዛሬም ልቤ ይመታል፤ አነጋገሬ ቅደም ተከተሉን ቢስት ይቅር በሉኝ።

ሙያዬ አዋላጅ ነርስነት ነው። ወንድ ነኝ፤ «ወንድ ልጅ ስለ ምጥ ምን ያውቃል?» የሚለውን ከተማሪነቴ ጀምሮ ለምጄዋለሁ። በዲግሪ ተመርቄ፣ የሙያ ፈቃድ ፈተናውንም አልፌ ሐዋሳ ስመለስ የማስታወቂያ ሰሌዳ ተሳላሚ ሆንኩ። «የሥራ ልምድ 2 ዓመት» ይላል፤ ልምዱ ያለ ሥራ ከየት እንደሚመጣ ግን አይናገርም። «0 ዓመት» የሚል ሲገኝ ደግሞ ብዛት 1 ነው፤ ተመዝጋቢው ግቢውን ሞልቶ ይጠብቃል። አንድ የቢሮ ሰው በሐዘኔታ «ልጄ፣ ጤና ጣቢያዎቹስ ሰው ይፈልጋሉ፤ መደቡ ግን በጀት የለውም» አሉኝ። እናቶች በጀት እስኪመጣ መውለዳቸውን አያቆሙም ብዬ ልመልስላቸው አስቤ ተውኩት።

ባጃጅ ተከራይቼ ከአቶቴ ፒያሳ መመላለስ ጀመርኩ። የሠፈር ባጃጅ ነጂዎች «ዶክተር» ይሉኛል። በፍቅር ነው፤ ያም ሆኖ ያማል።

እግዚአብሔርን ተቀየምኩት። ምስክርነት ነውና አልደብቅም። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» የሚለውን መዝሙር በጸሎት ሳይሆን በክስ እደግመው ነበር። በ2014 ዓ.ም ሐምሌ 19 የገብርኤል ንግሥ ዕለት ከየአገሩ የመጣውን ምእመን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አካባቢ አመላለስኩ እንጂ ቅጥሩን አልረገጥኩም። የቂርቆስና የኢየሉጣ ታሪክ በድምፅ ማጉያ ሲነገር ውጭ መሪዬን ይዤ ሰማሁት። «ከሚፈላ ውሃ እናትና ልጅ ያወጣህ መልአክ፣ እኔን ከባጃጅ ማውጣት አቃተህ?» አልኩት። ፍልሰታ ሲገባም ሕፃናቱ ሲጾሙ እኔ ቁርሴን በላሁ።

የምኖረው እትዬ በምላቸው በአንዲት እናት ግቢ ተከራይቼ ነው። ከጎኔ ካለው ክፍል በኢንዱስትሪ ፓርኩ ይሠሩ የነበሩ የገጠር ልጆች ይኖራሉ። አሜሪካ ኢትዮጵያን ዕቃ ያለ ቀረጥ ከሚያስገባው የአጎዋ ዕድል ካስወጣች ወዲህ ሥራው ቀዝቅዞ፣ ከመካከላቸው አንዷ ከነእርግዝናዋ ሥራ ፈታለች። ባለቤቷ ሥራ ፍለጋ ሌላ አገር ነው።

ፍልሰታ ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሳለ በሬ ተንኳኳ። ጓደኛዋ ናት። «ዶክተር፣ ተነሥ!» አለች። በዚያች ሌሊት ስሙ አላመመኝም።

ስደርስ የሕፃኑ ራስ ይታያል። አምቡላንስ ቢደወል ገጠር ወጥቷል ተባለ። ከተማሪነቴ የተረፈ የጓንት ካርቶን አልጋዬ ስር ነበር፤ ስንት ጊዜ ልጥለው አስቤ እንደነበር አንድዬ ያውቃል። እትዬ ክር ቀቀሉ፣ አዲስ ምላጭ አመጡ። «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ። ጓደኞቿ ፕሮቴስታንቶች ናቸውና «ኢየሱስ፣ ኢየሱስ» ይላሉ። እኔ የተኳረፍኩ ሰው ስለነበርኩ ዝም አልኩ። ወንድ ልጅ ተወለደ፣ አለቀሰ፣ ግቢው እልል አለ። እንግዴ ልጁም ወጣ፤ አገላብጬ አየሁት፣ ሙሉ ነው።

ደሙ ግን አልቆመም።

በተማርኩት ሁሉ የምፈራው ይህን ነበር። ከወሊድ በኋላ ማኅፀን ካልተኮማተረ፣ እናት ዓይናችሁ እያየ ታልቃለች። ሆዷን ስዳስሰው መጠንከር የነበረበት ማኅፀን እንደ ሊጥ ለስልሷል። አሸሁት። ፊኛዋን እንድታራግፍ አደረግሁ። ሕፃኑን ጡቷ ላይ አስያዝኩት፤ መጥባቱ ማኅፀኑን ያኮማትራልና። ጥቂት ጠንከር ይልና ተመልሶ ይላላል። ኦክሲቶሲን የሚባለው መርፌ በየጤና ጣቢያው አለ፤ በዚያች ክፍል ግን የለም። ፍራሹ ራሰ። ከንፈሯ ነጣ። «በረደኝ» አለች፣ ከዚያ መናገር ተወች።

ባጃጁ ውስጥ አስገባናት። እኔ መንዳት አልችልም፣ ምክንያቱም አንድ እጄን ከውስጥ፣ አንዱን ከሆዷ በላይ አድርጌ ማኅፀኑን በመካከል ጨምቄ ይዣለሁ። የነዳው መንጃ ፈቃድ የሌለው የእትዬ ልጅ ነው፤ ግቢ ውስጥ ስንቆጣው እየሰረቀ የተለማመደ። አንተ ልጅ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ! እትዬ ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልለው ከጎኑ ተጣበቁ። ጓደኛዋ ራሷን ደግፋ በሲዳምኛ ትዘምራለች፤ ቃሉን አላውቀውም፣ ድምጿ ግን ከመንቀጥቀጥ አድኖኛል።

የውስጥ ለውስጡ ኮብልስቶን ሲያነጥረን እጄ እንዳይላቀቅ በጉልበቴ ወለሉ ላይ ተንበረከክሁ። ነዳጁ ሪዘርቭ ላይ ነው፤ የዚያ ሰሞን የነዳጅ ሰልፍ የሐዋሳ ሰው ያስታውሰዋል። ክንዴ ደነዘዘ፣ ከዚያ ተቃጠለ፣ ከዚያ የእኔ መሆኑን ተወ። አስቤው ሳይሆን ከአፌ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ወጣ። ደግሜ፣ ደግሜ አልኩት። መቁጠር አልችልም ነበር። ከዚያ እንዲህ አልኩ፤ «ገብርኤል ሆይ፣ ሥራውን ተወው። ሁለተኛ አልጠይቅህም። እሷን ብቻ አትርፍልኝ።» እትዬ ከፊት ሆነው ጥላ ተሳሉ። «በመከራም ቀን ጥራኝ፥ አድንህማለሁ» የሚለው ቃል የት ተደብቆ እንደነበር እንጃ፣ ያን ጊዜ መጣልኝ።

ከእጄ በታች ማኅፀኑ ሲጠነክር የተሰማኝ ከሪፈራል ሆስፒታሉ በር ላይ ሳንደርስ ነው። አልለቀቅኩም። ጥበቃው ሳይጠይቀን በሩን ከፈተ። ተረኛዋ አዋላጅ መርፌውን ወግታ፣ በደም ሥሯ ፈሳሽ ሰክታ፣ ደም እንዲመጣ አዝዛ ስታበቃ ወደ እኔ ዞረች።

«ማነው የጨመቀላት?»

«እኔ ነኝ። አዋላጅ ነኝ።»

«የት ነው የምትሠራው?»

«ባጃጅ ላይ።»

ሳቀች፤ ከዚያ እንባ በዓይኗ ሞላ። ጣቶቼ አልዘረጋ ብለው አንድ በአንድ በእጇ ዘረጋቻቸው። እኅቴ፣ ስምሽን እንዳልጠራ ስለለመንሽኝ ነው እንጂ ዋጋሽን እግዚአብሔር ያውቀዋል። ሲነጋ ልጅቷ ዓይኗን ገልጣ የጠየቀችው ስለ ልጇ ነው።

ከዚያ ክረምቱ ወጣ፣ በጋው ገባ፣ ባጃጄን ነዳሁ። ሥራ አልለመንኩም፤ ቃሌን ሰጥቻለሁና። ቅዳሴ ግን አላስታጎልኩም።

በ2015 ዓ.ም የካቲት ላይ ያቺው አዋላጅ ደወለች። አንድ ወረዳ ለጤና ጣቢያ በ0 ዓመት ልምድ አዋላጅ እንደሚፈልግ ነግራኝ «ዛሬውኑ ተመዝገብ» አለች። ተፈተንኩ፣ አለፍኩ። ደብዳቤውን ይዤ ከደስታ ይልቅ ሥጋት ያዘኝ፣ ወደ ንስሐ አባቴም ሮጥሁ። «አባቴ፣ ሥራውን ተወው ብዬው ነበር እኮ!» እሳቸውም ሳቁብኝ። «አንተ ተወው አልኸው፤ እሱ መቼ እሺ አለህ?»

አንዳንዶች «እግዚአብሔር አንተን ሊያስቀጥር ያን ሁሉ አደረገ» ይሉኛል። አልቀበልም። እኔን ለማስቀጠር የአንዲት ምስኪን ደም የሚያስፈልገው አምላክ አላመልክም። እሷን ያዳናት እሷን ስለሚወዳት ነው፤ እኔ እዚያ ተገኘሁ። ደግሞም አብረውኝ የተመረቁ፣ ከእኔ የሚበልጡ ልጆች ዛሬም ሥራ አላገኙም። ለምን እኔ ቀደምኩ? መልስ የለኝም። በጸሎታችሁ አስቧቸው።

የእትዬን ጥላ ሐምሌ 19 ቀን 2015 ዓ.ም አስገባን። ገንዘቡን ስናዋጣ ልጅቷ ልጇን አዝላ መጣችና ድርሻዋን አኖረች። እትዬ «አንቺ እኮ የእኛ አይደለሽም» ቢሏት፣ «የናንተን ሥርዓት አላውቅም፣ ዕዳ ግን አልወድም» አለች።