ለእንሽላሊቴ የጸለይኩት ጸሎት

ሰላም ወገኖቼ፣ ስለ እንሽላሊት ምስክርነት ሰምታችሁ የምታውቁ አይመስለኝም፣ እኔም አልሰማሁም፣ ግን ከተረፈችልኝ እመሰክራለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁና ሳቁም አትሳቁም ልናገር።

ቢርድድ ድራጎን የሚባል የእንሽላሊት ዓይነት ነች፣ ሎሚ ነው የምላት። ወንድ አይታ አታውቅም፣ ስለዚህ ሆዷ ሲያብጥ ወፈረች አልኩ እንጂ እንቁላል የሚለው በሀሳቤም አልመጣ፣ ለካ እንደ ዶሮ ወንድ ሳይኖርም ይጥላሉ፣ አይፈለፈልም እንጂ። መብላት ተወች። ቀኑን ሙሉ የመስታወት ቤቷን ጥግ በፊት እግሮቿ ትቧጭራለች፣ ቿር ቿር፣ ድምፁ ራሴን እስኪያመኝ። ከዛ አንድ ጠዋት ዝም አለች። ዓይኗን ከድና ተዘርራለች፣ የእግሯ ጣቶች ብቻ ይንቀጠቀጣሉ።

ይዣት ሮጥኩ። ራጅ ስትነሳ ሆዷ እንቁላል በእንቁላል! ሐኪሟ ካልሲየሟ ስለወረደ ገፍታ ማውጣት አቅቷታል አለችኝና መርፌ ወጋቻት፣ በሁለት ቀን ካልጣለች ኦፕራሲዮን ነው አለች። ስለ ዩቪቢ አምፖሏ (እንደ ፀሐይ ያለ፣ ዓይን የማያየው ጨረር የሚሰጣት) ስትጠይቀኝ ከዓመት በላይ ሆኖታል ግን ይበራል እኮ አልኳት። የሚበራው ብርሃኑ ብቻ ነው፣ ዩቪቢው ካለቀ ቆይቷል፣ ያለሱ ደግሞ ዱቄቱን ካልሲየም ብትነሰንሺላትም ሰውነቷ አይወስደውም አለችኝ። እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? የኔው።

ማታ አጠገቧ ተንበርክኬ ጌታ ሆይ በኔ ስንፍና እሷ አትሙት እያልኩ አለቀስኩ። እንዲያ እያለሁ ያ ቿር ቿር ጆሮዬ ላይ መጣ፣ እንዴ፣ ይቺ ልጅ እኮ የምትቆፍርበት ስትፈልግ ነበር፣ ወለሏ ደግሞ ሸክላ ንጣፍ ነው! (ሐኪሟ ነግራኝም ይሆናል፣ በድንጋጤ ምን ሰምቼ።) ተነስቼ አሸዋና አፈር ደባልቄ፣ ሲጨብጡት እንዳይፈርስ አርጥቤ፣ አንድ ትልቅ ሳፋ ላይ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ሞልቼ ከተትኳት፣ አምፖሉንም በአዲስ ቀየርኩ፣ እንዳትረበሽ በጨርቅ ከለልኳት።

በማግስቱ ጭራዋ ብቻ ነው የሚታየው፣ ስትቆፍር ዋለች። ማታ ላይ ሆዷ ሟሽሾ ጉድጓዱን መልሳ ሞልታ አፈሩን በአፍንጫዋ ጠቅ ጠቅ እያደረገች ስትደመድም አገኘኋት። 19 እንቁላል! ሁለቴ ቆጠርኩት። ክብሩ ለሱ ይሁን፣ ቢላ ሳይነካት! ደግማ ራጅ ስትነሳ የቀረ የለም።

ሌላ ጊዜም ልትጥል ትችላለች ተብያለሁ። ሳፋው እዛው ነው፣ አላነሳሁትም።