ባዶ ወረቀት ያስፈራል

«ቲቸር፣ እኔ እኮ ሥዕል አልችልም።»

ቀለምና ወረቀት ሳወጣ መጀመሪያ የምሰማው ይህን ነው። «እኔም አልችልም፤ ቁጭ በል» እላለሁ። እውነቴን ነው፤ የእኔ ላም ፍየል ትመስላለች።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የተማሪዎች አማካሪ ነኝ። ሐሙስ ከሰዓት ክፍሌ የቀለምና የስፌት ነው። የሚመጡት አብዛኞቹ ፍሬሽማኖችና ለመውጫ ፈተና የሚያጠኑ ተመራቂዎች ናቸው። የፈተናው ጭንቀት ብቻ አይደለም ያለው። መንገድ ሲዘጋ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ፣ የእናታቸውን ድምፅ ሳይሰሙ የሚሰነብቱ አሉ። «እንዴት ነህ?» ሲባሉ ግን መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። የጎጃም ሰው የሆዱን በሆዱ መያዝ ይችልበታል፤ ሲብስበት በቅኔ ይናገራል እንጂ።

«የተሰማህን ሣል» ተብሎ ባዶ ወረቀት የተሰጠው ልጅ ጭራሽ ይጨነቃል። ከሪና ካሰር የተባሉ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2005 ያሳተሙት ጥናት አለ። አሜሪካ ውስጥ 84 የኮሌጅ ተማሪዎችን ሆን ብለው ጭንቀት ውስጥ ከከተቱ በኋላ ቀለም አስቀቧቸው። ማንዳላ የሚባለውን ክብ ንድፍ ወይም የመስመር ንድፍ የቀቡት ቀለል አላቸው። ባዶ ወረቀት የደረሳቸው ግን ያን ያህል አልቀለላቸውም።

እኔ ማንዳላ ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም። የብራና መጻሕፍታችን ራስጌ ላይ ያለውን፣ ሐረግ የሚባለውን ጌጥ በእርሳስ ገልብጬ ፎቶኮፒ አስደረግኩት። መስመሩ አለ፤ የልጁ ሥራ ቀለም መምረጥ ብቻ ነው። እጅ ሥራ ሲይዝ አንደበት ይፈታል። አንዱ ስለ ወንድሙ ሞት የነገረኝ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ፣ አረንጓዴውን እየቀባ ነው። ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ ብጠይቀው አይነግረኝም ነበር።

ስንደዶና አክርማም ከገበያ ገዝቼ አስቀምጣለሁ። አንዷ ወስፌውን ይዛ፣ «ይኼማ እናቴ ቤት የምሠራው ነው፤ ይኼም ሕክምና ነው እንዴ?» አለችኝ። «ስትጨርሺ ትነግሪኛለሽ» አልኳት። ሙዳዩ ገና አላለቀም። እሷ ግን ሐሙስን አትቀርም።

ሥዕል አልተረጉምም። ጥቁር የቀባ ሁሉ ድባቴ አለበት የሚሉ በፌስቡክ ሞልተዋል፤ እባካችሁ ተዉት። ከሣጥኑ ውስጥ ጥቁሩ ብቻ የቀረበት ጊዜም አለ! «እስኪ ስለ ሥዕልህ ንገረኝ» ብዬ ዝም እላለሁ። ዝም ማለቱ ነው ከባዱ።

ቀለም ለማይወድ ጽሕፈት አለ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄምስ ፔንቤከር በፈረንጆቹ 1986 ከባልደረባው ጋር ባሳተመው ጥናት፣ የኮሌጅ ተማሪዎች ለ4 ተከታታይ ቀናት በየቀኑ 15 ደቂቃ ስላቆሰላቸው ነገር ጻፉ። ወዲያው ስሜታቸው ከፋ። በቀጣዮቹ ወራት ግን ስሜታቸውንም የሆነውንም አብረው የጻፉት ወደ ጤና ማዕከል መመላለሳቸው ቀነሰ። ይህን አስቀድሜ ሳልነግር አላስጽፍም፤ ያለዚያ አልቅሶ የወጣ ልጅ ተመልሶ አይመጣም። የጻፉትን አላነብም። የፈለገ ቀዶ ይጥለዋል፣ የፈለገ ይዞት ይሄዳል። ቅኔ ቤት የቆየ አንድ የኢንጂነሪንግ ተማሪ በግዕዝ ነው የሚጽፈው። የዶርም ጓደኞቹ እንዳያነቡበት ነው አሉ።

ስለ መሞት የሚያወራ፣ ምግብና እንቅልፍ የራቀው ልጅ ሲመጣ ቀለሙን አስቀምጬ አብሬው ሆስፒታል እሄዳለሁ። የእኔ ሐረግ የአእምሮ ሐኪምን አይተካም። ጠበል እሄዳለሁ የሚለኝንም አልከለክልም፤ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ግን እለምነዋለሁ።

በሚቀጥለው ሴሚስተር ማሲንቆ የሚጫወት ልጅ ሐሙስ ሐሙስ ሊመጣ ተስማምተናል። ችግሩ ክፍሌ ከላይብረሪው ጋር ግድግዳ ይጋራል። የላይብረሪው ኃላፊ «ቀስ ብሎ ከተጫወተ ግድ የለም» ብለውኛል። ቀስ ብሎ የሚያለቅስ ማሲንቆ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።