ዳገቱን ወጥቶ ቁልቁለት ላይ የሚጠፋው ሞተር

ሞተሩ ዳገቱን ይወጣል፤ ሲመለስ ቁልቁለቱ ላይ ይጠፋል። የእንስሳት ሐኪሙ ይህን ለጋራዡ ነግሯል፤ ሰሚ ግን አላገኘም። እስካሁን የሚከነክነኝ ይኼው ነው። የምርመራው ግማሽ ሥራ እሱ ከተናገራት ከዚያች አንዲት ነገር ላይ ያልቅ ነበር።

ሞተሯ ባለ 125 ሲሲ፣ አራት ምት፣ በነፋስ የምትቀዘቅዝ፣ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ያላት የገጠር ሥራ ሞተር ናት። ሐኪሙ ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ በሮብ ገበያ በኩል ወደ ጮቄ ተራራ ሥር ቀበሌዎች የክትባት ሳጥን ጭኖ ይወጣል። ደብረ ማርቆስ ራሷ ወደ 2,450 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ መንገዱ ከዚያም በላይ ይሄዳል። ሲወጣ ምንም የለም። ሲመለስ ጥቂት ከወረደ በኋላ ሞተሯ ትንፋሽ እንዳጠራት ሁሉ ቆረጥ ቆረጥ ትልና ትጠፋለች። ሩብ ሰዓት ያህል ካረፈች ትነሳለች፤ ትንሽ ወርዳ ደግሞ ትቆማለች። ሳልባትዮው፣ የቤንዚን ማጠራቀሚያው፣ የሞላ ዕለት ይብስባታል።

የጋራዡ ውሳኔ አጭር ነበር፦ ኮምፕረሽን የላትም (ሲሊንደሩ አየሩን አጥብቆ አይጨምቅም)፣ ፒስተንና ሪንግ (የፒስተኑ ቀለበት) ይቀየር፣ ሲሊንደሩ ቶርኖ ቤት ይግባ። ሐኪሙ ፒስተኑን ከነሪንጉ ገዝቶ፣ ከማስፈታቱ በፊት ብቻ እስቲ እይልኝ ብሎ ሞተሯን ወደ ግቢዬ አመጣት። የኮምፕረሽን መለኪያ ስጠይቅ የጋራዡ መካኒክ መለኪያውን አላውስም ብለው ራሳቸው ይዘውት መጡ። በዕድሜ ይበልጡኛል፤ እጃቸው ሥራ ያውቃል። ያንን ቀን የማልረሳው እሳቸው በቦታው ስለነበሩ ነው።

«ለክቼዋለሁ እኮ፣ 85 ፒኤስአይ ነው ያለው» አሉ መለኪያውን ከኪሳቸው እያወጡ። «መጽሐፉ 150 ይላል። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?»

«ጋሼ፣ ዳገቱን እኮ ትወጣለች፤ የምትጠፋው ስትወርድ ነው።»

«ዳገትም ቁልቁለትም አንድ ነው። ሞተሩ አልቋል።»

አንድ አይደለም። ኮምፕረሽን ያነሰው ሞተር የሚጋለጠው ጭነት ሲበዛበት ነው፤ ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ፣ ጋዝ ሙሉ ተከፍቶ። ቁልቁለት ላይ ጋዙ ይዘጋል፣ ሞተሩ ያርፋል። ስትሠራ ችላ ስታርፍ የምትጠፋ ሞተር ሪንግ አልቆባታል ብሎ መፍታት አይቻልም።

ካንዴላውን፣ እሳት የሚረጨውን፣ ፈታሁት። በደጋ አገር የሚሠራ ካርቡሬተር ያለው ሞተር ካንዴላው ወደ ጥቁርነት ያደላል፤ አየሩ ሳስቶ ቤንዚኑ ግን በዚያው ልክ ስለማይቀንስ። የዚህችኛው ጫፉ ነጣ ያለ ነበር። ደጋ ላይ የነጣ ካንዴላ ቤንዚን አነሰኝ እያለ ነው። ይህን ለመካኒኩ ሳሳያቸው አዩት፣ ምንም አላሉም፤ መለኪያውን በካንዴላው ቀዳዳ ገጠሙና ኪኩን መቱ። 85 አለ።

አለካካቸውን ልብ ብዬ አየሁ። ጋዙን አልከፈቱትም። የካርቡሬተሩ በር ተዘግቶ ሲለካ ሲሊንደሩ የሚጨምቀው አየር ሳይበቃው ይመታል፤ ቁጥሩ በሐሰት ይወርዳል። ሞተሩ ሙቅ፣ ቾኩ (የአየር መዝጊያው) ክፍት፣ ጋዙ እስከ መጨረሻው የተጠመዘዘ መሆን አለበት፤ ኪኩም መርፌው መውጣቱን እስኪያቆም ድረስ ይመታል። አንድ ሁለት ጊዜ መትቶ ማንበብ አይበቃም። ሐኪሙ ጋዙን ጠምዝዞ ያዘ፣ እኔ መታሁ። 110።

«ያም ቢሆን ከ150 በታች ነው» አሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ሲሳሳትም ገንዘቡን የሚከፍለው ባለ ንብረቱ ነው። በመመሪያ መጽሐፍ ላይ የሚጻፈው ቁጥር በአብዛኛው ለባሕር ጠለል ነው። በእኛ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያነሰ ነው፤ የሚጨመቀው አየር ሲሳሳ የመለኪያው ቁጥርም አብሮ በሩብ ይወርዳል። የ150 ሦስት ሩብ 112 ግድም ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ 110 የሚያሳይ ሞተር ጤነኛ ነው። መጽሐፉን ቃል በቃል ከያዝነው በዚህ ከተማ ውስጥ ሪንግ የማያስፈልገው ሞተር አይገኝም።

እሳቸውን ግን በሒሳብ ማሳመን አልፈለግሁም። አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ አፈሰስኩና እንደገና ለካን። ሪንጉ ወይም ሲሊንደሩ ካለቀ ዘይቱ ክፍተቱን ለጊዜው ይደፍነዋል፣ ቁጥሩም ዘልሎ ይወጣል። ካልወጣና ቁጥሩ ዝቅተኛ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ቫልቭ ይዞራል። መርፌው ከ110 ትንሽ ፈቀቅ አለና ቆመ። መካኒኩ ጎንበስ ብለው ራሳቸው አነበቡት። ቀና ብለውም ደኅና ጥያቄ ጠየቁ፦

«ታዲያ ምን ሆና ነው የምትጠፋው?»

ይህን ለማወቅ ሞተሯ በምትጠፋበት ሰዓት መያዝ አለባት። ካረፈች በኋላ ቢመረመር ሁሉም ነገር ደኅና ይመስላል፤ ጋራዥ ውስጥ በሽታው የማይገኘውም በዚህ ምክንያት ነው። ግቢ ውስጥ ቁልቁለት የለም፤ ሐኪሙ ግን ስትሞላ ይብስባታል ብሎናል። ሳልባትዮውን እስከ አፉ ሞላነው፣ ክዳኑን ዘጋነው፣ አስነሳናት። መጀመሪያ የፈሰሰው ዘይት እስኪቃጠል አጨሰች፣ ከዚያ ጠራች። ጋዟን መካከለኛ አድርገን ጠበቅን። እንዲህ ዓይነት ሞተር ያለ ነፋስ ቆማ ለረጅም ጊዜ መጮህ የለባትም፤ ሩብ ሰዓት ካለፈ ማጥፋት ነው። ቡና የሚፈላበትን የከሰል ምድጃም ከግቢው አስወጥተነዋል፤ ቤት ውስጥ ቤንዚን የሚነካካ ሰው ይህን ካላደረገ ሌላውን ባይጀምር ይሻላል።

ሩብ ሰዓቱ ሳይሞላ ቆረጥ ቆረጥ አለችና ጠፋች። ካንዴላውን ፈትቼ ከቆቡ ጋር ከሞተሩ አካል ላይ፣ ከቀዳዳው ራቅ አድርጌ አስነካሁትና ኪኩ ሲመታ እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። የካንዴላው እሳት ደኅና ነው። ከካርቡሬተሩ ሆድ ሥር ያለችውን ትንሽ የማፍሰሻ ብሎን በካቻቢቴ ላላ አደረግሁና ብርጭቆ ደገንኩበት። ጥቂት ጠብታ ወረደ፣ ቆመ። የቤንዚኑ ቧንቧ ክፍት ነው፣ ሳልባትዮው ሙሉ ነው፣ ካርቡሬተሩ ግን ባዶ።

ብሎኑን እንደላላ ትቼ ሐኪሙን ክዳኑን ክፈተው አልኩት። ፍስስስ አለ፤ አየር ወደ ውስጥ ሲገባ ሦስታችንም ሰማነው። ወዲያው ቤንዚኑ ብርጭቆው ውስጥ ቀጥ ብሎ መውረድ ጀመረ።

ከክዳኑ ሥር የታጠፈ ፌስታል ነበር። በሳልባትዮው አፍ ላይ ተመጥምጦ ተጣብቆ የአፉ ቀለበት ታትሞበታል።

«እሱን እኔ ነኝ ያደረግሁት» አሉ መካኒኩ። አልሸሸጉም። «ጎማው አልቆ ቤንዚን ይረጭ ነበር። ዝናብም እንዳይገባ ብዬ።»

«መቼ ነው ጋሼ?»

«ሰኔ ሚካኤል ሰሞን።»

ሐኪሙ፣ «መጥፋት የጀመረችውም ከዚያ ወዲህ ነው» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። እሳቸውም ፌስታሉን ከእጁ ተቀብለው ወደ ፀሐይ ዘርግተው አዩት፤ «ሁሉም ላይ እኮ ነው የማደርገው» አሉ። ይህች ንግግር ናት እንቅልፍ የነሳችኝ። የፌስታሏ ጉዳት በአንዲት ሞተር አያበቃም፤ ስንቱ ባለ ሞተር ቁልቁለት ላይ ቆሞ ሪንግ ግዛ ተብሎ ይሆን?

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤንዚን ከሳልባትዮው ወደ ካርቡሬተር የሚወርደው በክብደቱ ብቻ ነው። በወጣው ቤንዚን ልክ አየር መግባት አለበት፤ የሚገባውም በክዳኑ ላይ ባለች ጥቃቅን ቀዳዳ ነው። ቀዳዳዋ ስትደፈን ውስጡ ይመጠጣል፣ ቤንዚኑ ይቆማል። ሳልባትዮው ሲሞላ በላዩ ያለው አየር ጥቂት ስለሆነ መመጠጡ ይፈጥናል። ዳገት ሲወጣ የውጭው ግፊት እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከታች ሲነሳ ሳልባትዮው ውስጥ የተያዘው አየር ቤንዚኑን ይገፋል፣ ትርፉም ፌስታሉን ከፍ አድርጎ ይወጣል። ሲወርድ ግን የውጭው ግፊት ይጨምራል፤ ፌስታሉ አፉ ላይ ይለጠፋል፣ አየር አያስገባም። በእኛ ደጋ በከፍታ 100 ሜትር መውረድ ግፊቱን አንድ ኪሎ ፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው) ግድም ይጨምረዋል፤ አንድ ስንዝር ያህል ከፍታ ያለው ቤንዚን በክብደቱ የሚገፋው ደግሞ ከ1.5 ኪሎ ፓስካል ብዙ አይበልጥም። ስለዚህ ከሮብ ገበያ ጥቂት መቶ ሜትር መውረድ ብቻውን ይዘጋዋል።

ጥገናው ከምርመራው ያነሰ ነበር። ፌስታሉ ወጣ። የክዳኑ ቀዳዳ ራሱም በቀይ አፈር ተደፍኖ ስለነበር በቤንዚን ነክረን በቀጭን ሽቦ ከፈትነው፤ በአፍ ሲነፋ አየር እስኪያሳልፍ ድረስ። ያለቀው ጎማ ቤንዚን በሚችል ጎማ ተተካ። ከካላማዳሪ የተቆረጠ ጎማ አይሆንም፤ ቤንዚን ሲነካው ያብጥና ቀዳዳውን መልሶ ይደፍናል። ካርቡሬተሩ ሆድ ውስጥ የተኛውን ደለልና የቧንቧውን ወንፊትም አጠብን። ባለ አራት ጎማ የገጠር ሞተር ያላችሁ ደግሞ በብዙዎቹ ላይ ከክዳኑ ወጥቶ መሪው ላይ የሚሰካ ቀጭን ጎማ አለ፤ ሲታጠፍ ወይም ጭቃ ሲጎርስ ያው በሽታ ይመጣል።

የቫልቩንም ክፍተት በማግስቱ ሞተሩ በርዶ ሳለ አየነው፤ በእንዲህ ዓይነት ትንንሽ ሞተሮች ብዙውን ጊዜ ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊ ሜትር ነው፣ ደኅና ነበር። የተገዛውን ፒስተን ሻጩ አልመልስም አለ። መካኒኩን የገጠሟቸውን ፌስታሎች ሁሉ እንዲያወጡ ለምኛቸዋለሁ፤ «የመጣውን አያለሁ» ነው ያሉኝ፣ የሄደውን ማን ይፈልገዋል?

ሐኪሙ አሁን ካንዴላው ወደ ጥቁርነት ማድላት ጀምሯል ይላል። ቤንዚኑ በደንብ ሲደርሳት የደጋው መልክ መመለሱ ነው። ጮቄ ሥር ብቻ የምትውል ቢሆን ኖሮ በካርቡሬተሩ ውስጥ ያለውን ዋናውን ጄት (ቤንዚን የሚመጥነውን ቀዳዳ) አንድ ቁጥር ዝቅ አደርገው ነበር። እሱ ግን አንዳንዴ በደጀን በኩል ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ እዚያ በቀነሰ ጄት ከሄደች ቤንዚን አንሷት ትግላለች፣ ፒስተኗም ያን ጊዜ በእውነት ይጎዳል። ስለዚህ አልነካሁትም፤ ካንዴላውን እየፈታ በሽቦ ብሩሽ እንዲያጸዳው ነግሬዋለሁ።