መስታወቱ ፊት ዝም ያለችው ልጅ

ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት የልጃገረዶች ክበብ አለው። ክበቡን የሚያግዙት ስምንት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች። ልጆቹ 24፣ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 15። የሚገናኙት ቅዳሜ ጠዋት ከ2፡00 እስከ 3፡30 ነው። ሰዓቱን የወሰነው የድሬ ፀሐይ ነው፤ 4፡00 ካለፈ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀመጠ ልጅ የሚያስበው ስለ ውኃና ስለ ጥላ ብቻ ነው።

በሁለተኛው ቅዳሜ የቀረበው መልመጃ ልጆች ለራሳቸው ያላቸውን ግምት ያሳድጋል ተብሎ በብዙ የሥልጠና ወረቀቶች ላይ የሚገኝ ነው። ከክፍሉ ፊት መስታወት ይቆማል። እያንዳንዷ ልጅ ተራዋ ሲደርስ ትወጣና ራሷን እያየች ስለ ራሷ የምትወዳቸውን ሦስት ነገሮች ጮክ ብላ ትናገራለች፤ ሌሎቹ ያጨበጭቡላታል። ስድስት ልጆች ወጡ። ፀጉሬ፣ ዓይኔ፣ ጥርሴ፣ ቅላቴ፣ እንግሊዝኛዬ አሉ። ሰባተኛዋ ወጣችና ዝም አለች። በጎ ፈቃደኞቹ “በርቺ፣ ትችያለሽ!” እያሉ ማጨብጨብ ጀመሩ። ዝምታዋ በረዘመ ቁጥር ጭብጨባው ጨመረ። በመጨረሻ በሻርፗ ፊቷን ሸፍና በሩን ከፍታ ሄደች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከ24ቱ የመጡት 17 ናቸው።

ማክሰኞ አመሻሽ ላይ የበጎ ፈቃደኞቹ ቡድን አስተባባሪ ዝም ወዳለችው ልጅ ቤት ሄደች። እናትየው ደጃፍ ላይ ባጂያ ይጠብሳሉ። “እትዬ፣ ልጅቷ ቀረችብን እኮ” ብትላቸው “አቦ፣ ምን አደረጋችኋት? ቅዳሜ ሲደርስ ሆዴን አመመኝ ትላለች” አሏት። ልጅቷ አጠገባቸው ሆና ባጂያውን በወረቀት ትጠቀልላለች፣ የገንዘብ መልስ ትሰጣለች፣ ዱቤ የወሰደውን ሁሉ በቃሏ ይዛለች። ለአንዱ በኦሮምኛ፣ ለሌላው በሶማሊኛ፣ ለሦስተኛው በአማርኛ ትመልሳለች። መስታወቱ ፊት አንድ ቃል ያጣችው ልጅ ይህች ናት።

ጥፋቱ ከመልመጃው ነው፤ የልጅቷ ዓይን አፋርነት አይደለም። በእኛ አስተዳደግ ራስን በአደባባይ ማመስገን ነውር ነው፤ “ሰው ያመስግንሽ” እየተባለች ያደገች ልጅ እንግዳ ሰው ፊት ራሷን አሞግሺ ስትባል አፏ ቢያዝ አያስገርምም። በዚያ ላይ ከእሷ በፊት የወጡት ስድስቱም ማለት ይቻላል መልካቸውን ነበር የቆጠሩት። ሰባተኛዋ ስትወጣ ጥያቄው “አንቺስ መልክ አለሽ ወይ?” ሆኖ ጠበቃት። ጭብጨባውም ዝም የማለት መብቷን ነጠቃት።

በጥናትም የታየ ነገር ነው። የካናዳው ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጆአን ዉድና ባልደረቦቿ በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ፣ ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ሰዎች “እኔ የምወደድ ሰው ነኝ” የሚለውን ሲደጋግሙ፣ ካልደገሙት ይልቅ ስሜታቸው የባሰ ሆኖ ተገኝቷል። አባባሉ ጥቂት የጠቀመው መጀመሪያውኑ ስለ ራሳቸው ጥሩ የሚሰማቸውን ነው። ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም። አፍ የሚለውን ልብ ካላመነ፣ ልብ ወዲያው ተቃራኒ ማስረጃ መቁጠር ይጀምራል። ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ ስድስት ልጅ ፈገግ ስላለ መልመጃው ሠርቷል ማለት አይቻልም። የተዘጋጀው ለሰባተኛዋ ነው ተብሎ ነበርና።

ቡድኑ መስታወቱን አነሣ። 24ቱን ልጆች ስድስት ስድስት አድርጎ በአራት ክብ አስቀመጠ፤ በየክቡ ሁለት በጎ ፈቃደኞች። ስድስት የተባለው በምክንያት ነው። ከስምንት ካለፈ ሁለት ደፋሮች ብቻ ያወራሉ፤ ከአራት ካነሰ ደግሞ አንዷ ስትቀር ክቡ ባዶ ይሆናል። በየክቡ ቢያንስ ሁለት ልጆች የአንድ ቤት ቋንቋ የሚናገሩ እንዲሆኑ ተደረገ፤ በአማርኛ የከበዳትን በኦሮምኛ ብላው ጓደኛዋ ትተረጉምላታለች። ማለፍ ተፈቀደ። “ልለፍ” ያለችን ልጅ ማንም “ለምን?” አይላትም፤ በጎ ፈቃደኞቹም ያልፋሉ፣ ያለበለዚያ ፈቃዱ የቃል ብቻ ይሆናል።

ከሁሉም በላይ የለወጠው ግን ለየክቡ እውነተኛ ሥራ መሰጠቱ ነው። አንዱ ክብ የውኃውን ሥራ፣ ሌላው አዲስ ገቢ ተማሪዎችን መቀበል ያዘ፣ ሦስተኛው ድራማ። አራተኛው የሞዴስ ሣጥን ነበር፤ በወር አበባ ምክንያት ትምህርት የሚቀሩ ልጆች ስላሉ። ሣጥኑ በ40 ሞዴስ ተጀመረ። የወሰደች ልጅ ስም አትጽፍም፤ ክዳኑ ላይ በተሰቀለው ወረቀት አንድ ጭረት ታደርጋለች። በየሰኞው ሁለት ልጆች ይቆጥራሉ፤ የቀረው ከ10 ሲያንስ ለመምህርቷ ይነገራል። መጀመሪያ ቁልፉ ዘበኛው ጋ ስለነበር በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ብቻ ተወሰደ፤ የትኛዋ ልጅ ናት ወንድ ዘበኛን ሄዳ የምትጠይቀው? ቁልፉ ቀርቶ ሣጥኑ የሴቶች መጸዳጃ ቤት አጠገብ ወዳለው ክፍል ሲዛወር ነው መንቀሳቀስ የጀመረው።

ምስጋናውም ተለወጠ። “ጎበዝ!”፣ “አንበሳ!” የሚባለው ምን እንደተሠራ አይናገርም፤ ሲበዛም ሸክም ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ ተሠርቶ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ሕፃናት ለሥዕላቸው የተጋነነ ሙገሳ ሲሰጣቸው ቀጥሎ ቀላሉን ሥዕል ለመምረጥ እንደሚያዘነብሉ አሳይቷል። አንዴ ሰማይ የሰቀሉትን ሰው ደግሞ መውደቅ ያስፈራዋል። አሁን እያንዳንዱ በጎ ፈቃደኛ ሦስት ልጆች ይዟል፣ ትንሽ ደብተር አለው። በዕለቱ በዓይኑ ያየውን አንድ ነገር ለየልጇ ይጽፋል፤ በመጨረሻው አሥር ደቂቃ ለብቻዋ፣ ሌሎች በሚያዩበት ግን በማይሰሙበት ቦታ ይነግራታል። “ሁለቱ ልጆች ሲጨቃጨቁ ቆጠራውን ከመጀመሪያ ጀመርሽው፤ ስለዚህ ልዩነቱ ተገኘ።” የሠራችው፣ ከዚያ ሥራዋ ያመጣው። በቃ። ያላየውን አይጽፍም፤ ያልጻፈ ሳምንት ካለ ልጅቷን አላያትም ማለት ነው።

ለውጡን ለመለካት ቡድኑ ሰው ለራሱ ያለውን ግምት የሚለካውን የሞሪስ ሮዘንበርግን መጠይቅ ተጠቅሟል፤ በ1965 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 10 ዓረፍተ ነገሮች ያሉት ነው። እዚህም አንድ ወጥመድ አለ። አምስቱ ዓረፍተ ነገሮች አዎንታዊ፣ አምስቱ አሉታዊ ናቸው፤ ነጥብ ሲሰጥ አሉታዊዎቹ ይገለበጣሉ፣ ማለትም በእነሱ ላይ ከፍተኛውን ነጥብ የምታገኘው አጥብቃ “አልስማማም” ያለችው ናት። ለየዓረፍተ ነገሩ ከ0 እስከ 3 በሚሰጠው አቆጣጠር ለራሷ ሙሉ ክብር ያላት ልጅ 30 ማግኘት ሲገባት፣ መገልበጡ ከተረሳ 15 ይወጣላታል። በመጀመሪያው ዙር ይህ ተረስቶ ግማሹ ወረቀት እንደገና ተቆጥሯል። አማርኛውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። “ብዙም የምኮራበት ነገር የለኝም” ለሚለው “አልስማማም” ማለት ለ12 ዓመት ልጅ ድርብ አሉታ ነው፤ እያነበቡ፣ በምሳሌ እያስረዱ ካላስሞሉት ቁጥሩ ምንም አይናገርም። ኩራት የሚለው ቃል ራሱ ለብዙዎቹ ትዕቢት ሆኖ ይሰማል።

የቅዳሜዎቹ ቁጥር ከመነሻው 12 ተብሎ ለልጆቹ ተነገረ። ተማሪ በጎ ፈቃደኞች ፈተና ሲደርስ ድምፃቸውን አጥፍተው ይጠፋሉ፤ ልጅቷ ግን “እኔን ጠልታ ነው” ብላ ትተረጉመዋለች። የሚቀር ሰው ከሁለት ሳምንት በፊት ራሱ መጥቶ ይሰናበታል።

መስታወቱ ፊት ዝም ያለችው ልጅ ወዲያው አልተመለሰችም። አስተባባሪዋ ሁለት ጊዜ ተመላልሳለች፣ ሁለተኛው ላይ ስለ መስታወቱ ይቅርታ ጠይቃታለች። በአምስተኛው ቅዳሜ መጣች፤ ሦስት ሳምንት “ልለፍ” እያለች ተቀመጠች። የሞዴስ ሣጥኑን ቆጠራ የያዘችው በስምንተኛው ነው። በአሥረኛው ቅዳሜ ጭረቱና ሣጥኑ አልገጠሙም፤ አራት ጎደለ። ክቡ ዝም ሲል በኦሮምኛ ተናገረች፣ ጓደኛዋ ተረጎመችላት፤ ሰኞ ለአንዲት ልጅ አራት ሰጥታ ጭረቱን የረሳችው እሷ ናት። ፊቷን አልሸፈነችም። ማንም አላጨበጨበም። አጠገቧ የነበረችው በጎ ፈቃደኛ “ታዲያ ምን ይሻላል?” አለቻት።

“ሐሙስ ሐሙስም ልቁጠር” አለች፤ ይህንን በአማርኛ።