ብብቴ ሥር ያለው ገበያ

ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቃተኝ። ልጄ «እማ፣ መነጽር ግዢ» አለችኝ። ዓይኔ ግን ደህና ነው፤ ክሩም ቀዳዳውም ይታየኛል። እምቢ ያሉት ጣቶቼ ናቸው።

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አጠገብ የሐበሻ ቀሚስ ስጠልፍ 16 ዓመት ሆኖኛል። ክረምት ላይ ጣት መጨምደድ አዲስ ነገር ስላልሆነ ቁርጥማት ነው ብዬ ፌጦ በሎሚ ጠጣሁ፣ ቅባት ተቀባሁ። ጠዋት ከተነሳሁ አንድ ሰዓት ከምናምን እስኪያልፍ ድረስ ግን የቡና ሲኒ እንኳ በወጉ አልይዝም ነበር። ሐምሌ ላይ ደግሞ ገላዬን ስታጠብ ግራ ብብቴ ሥር ከሽምብራ ከፍ ያለች፣ ስነካት የምትንሸራተት እብጠት አገኘሁ።

ጎረቤቴ እታለም ዳሰሰችኝና «ንፍፊት ናት፤ እጅሽን የወጋሽ ነገር አለ» አለች። እንደኔ ያለ ጠላፊን መርፌ በቀን ስንቴ እንደሚወጋ እሷም ታውቃለች። እኔ ግን ሌሊቱን ካንሰር ነው፣ አይ የእጢ ቲቢ ነው ስል አደርኩ። የእጢ ቲቢ በአገራችን ብዙ ስለሆነ እጢ ያበጠበት ሰው ሁሉ እሱን መፍራቱ አይገርምም። መጀመሪያ የሄድኩበት አንድ ክሊኒክ ጣቶቼን ሳያይ የ10 ቀን አንቲባዮቲክ ሰጥቶ ሸኘኝ። ስለ እብጠቷ እንጂ ስለ እጄ የጠየቀኝ የለም። ገንዘቤ አሁንም ይቆጨኛል።

ሁለተኛዋ ሐኪም ወጣት ናት። በቀጭን መርፌ ከእጢዋ ቀዳችና መስታወት ላይ ቀብታ አደረቀችው። ውጤቱ ሲመጣ «ቲቢም ካንሰርም አልታየም። እጢዋ ሥራ በዝቶባት ነው ያበጠችው» አለች። ከዚያ እጄን እንደ ሰላምታ ይዛ የጣቶቼን ሥር ከጎንና ከጎን ጨመቀችው። ጮህኩ። «እናቴ፣ የታመመው ብብትዎ አይደለም፤ እጅዎ ነው።» (43 ዓመቴ ነው፤ «እናቴ» መባሌ ከሕመሙ አልተናነሰም።) በደም ምርመራ ሩማቶይድ አርትራይተስ ሆኖ ተገኘ። የሰውነት መከላከያ የገዛ መገጣጠሚያውን ጠላት ነው ብሎ የሚነሳበት በሽታ ነው።

እጅና ብብትን ምን አገናኛቸው? ይሄን እስካውቅ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከቀጫጭን የደም ሥሮች ያለማቋረጥ የሚያዥ ፈሳሽ አለ። አብዛኛው እዚያው ይመለሳል። የቀረውን፣ በቀን ወደ 3 ሊትር የሚጠጋውን፣ የሊምፍ ቱቦዎች ሰብስበው አንገት ሥር ባሉ ትልልቅ ደም መልሶች በኩል ወደ ደም ይጨምሩታል። ይሄ ፈሳሽ ሊምፍ ይባላል፤ እንደ ልብ ያለ ፓምፕ የለውም። ቱቦዎቹ ራሳቸው እየተኮማተሩ፣ ጡንቻና ትንፋሽም እየገፉት ነው የሚሄደው። መንገድ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ እጢዎች አሉ፤ ከእጅ የሚነሳው አብዛኛው ፈሳሽ ብብት ጋ ሳይደርስ ደም ውስጥ አይገባም።

ፈሳሹ ታዲያ ብቻውን አይመጣም። መገጣጠሚያው ውስጥ ያገኙትን ቁራጭ ፕሮቲን እንደ ናሙና የያዙ ሴሎች አብረውት ይመጣሉ። እጢዋ ውስጥ የሚጠብቋቸው ቲ ሴሎች የሚባሉ የመከላከያ ሴሎች እያንዳንዳቸው የሚያውቁት ነገር ውስን ነው፤ ማኛ ጤፍ ብቻ ፈልጎ ቅዳሜ ገበያ እንደወጣ ሰው በሏቸው። አንድ ቀን ያህል ይዞራል፣ ካጣ ወጥቶ ሌላ እጢ ይሞክራል። ካገኘ ግን እዚያው ይራባል፣ ቢ የሚባሉትን ሴሎችም አንቲቦዲ (ጠላት ላይ የሚጣበቅ ፕሮቲን) እንዲያመርቱ ይቀሰቅሳል። እጢ የሚያብጠው ገበያው ሲደራ ነው። የኔ ጣጣ ገበያ የወጣው ዕቃ የራሴ መሆኑ ነው።

ያው ገበያ ሽማግሌም አለው። ጠብ አብራጅ የሆኑ ቲ ሴሎች አሉ፤ «ይሄ ዘመድ ነው፣ ተዉት» ይላሉ። በ2018 መስከረም 26 ቀን የሕክምና ኖቤል ሽልማት አሸናፊነታቸው የተነገረው ጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ፣ ሜሪ ብሩንኮውና ፍሬድ ራምስዴል የተሸለሙት በእነዚሁ ሴሎች ላይ በሠሩት ሥራ ነው። ዜናውን የሰማሁት ዘርፍ እየጠለፍኩ ነበር፤ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ የገባው ለኔ ሳይሆን አይቀርም።

ሊምፍ ለኛ ለደገኞች ባዕድ ነገር አይደለም። በባዶ እግር ያረሱ ሰዎችን የሚይዘው ዝሆኔ የሊምፍ ቱቦ በሽታ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣው ቀይ አፈር ውስጥ ያለው ብናኝ በእግር ቆዳ ገብቶ ቱቦውን ይጎዳል። ከደቡብ ኢትዮጵያ በመጡ ሕሙማን ላይ የተሠራና በፈረንጆቹ 2012 የወጣ የዘር ጥናት በሽታው የመከላከያ ሴሎችን ከሚመሩ ጂኖች ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። የሩማቶይድ ተጋላጭነትም የተያያዘው እዚያው የጂን ሠፈር ጋ ነው።

በዚህ ላይ ነው እንግዲህ ቲክቶክ «ሊምፍሽን እጠቢ» እያለ ሻይ የሚሸጥልኝ። ሊምፍ ቆሻሻ የሞላው ቦይ አይደለም፣ በሻይም አይታጠብም። በሠለጠነ እጅ የሚሰጥ የሊምፍ ማሳጅ እግር ወይም ክንድ በሊምፍ መዘጋት ላበጠበት ሰው ይጠቅማል። የኔን በሽታ ግን አያቆምም። ወደ ቁስቋም ዳገቱን በእግሬ መውጣት ደስ ይለኛል፣ ፈሳሹንም ያንቀሳቅሰዋል፤ እሱንም መድኃኒት ነው አልልም።

መድኃኒቴ ሜቶትሬክሴት ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ። በየቀኑ የዋጠው ሰው ሊሞት ይችላል፣ ስለዚህ ካላንደሩ ላይ በቀይ እከብበዋለሁ። መጀመሪያ ረቡዕ አድርጌው ነበር። ጾም ነው፣ ባዶ ሆዴን ያቅለሸልሸኛል፤ ወደ እሑድ ማታ አዛወርነው። ጉበቴንና ደሜን እየተመላለስኩ እመረመራለሁ።

እጢዋ አልጠፋችም፣ አንሳለች። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት መርፌ አልነካም። ልጄ ማታ ሳትተኛ አሥር መርፌ ላይ ክር አስገብታ ስፖንጁ ላይ ትሰካልኛለች። ቀዩን ሁልጊዜ ትረሳዋለች።