ፈዛዛ አይደለችም

ዛሬ የእህቴን ልጅ ይዤ የነርቭ ሐኪም ጋ ዋልኩ። 7 ዓመቷ ነው። አስተማሪዋ «ትፈዛለች፣ ትምህርት አትከታተልም» ስትለን እኛም ቤት «አንቺ ፈዛዛ!» እያልን ስንቆጣት ከረምን።

ሐኪሙ ወረቀት አፏ ፊት ያዘና «እፍ በይው፣ እንዳታቆሚ» አላት። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፣ ተወችው። ዓይኗ አንድ ቦታ ቀረ። ሽፋሽፍቷ ርግብግብ አለ። አሥር ሰከንድ ቢሆን ነው። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ እፍ ማለቷን ቀጠለች። ሆዴ ተላወሰ።

የሚጥል በሽታ ነው፤ ግን የማይጥለው ዓይነት። በቀን ብዙ ጊዜ ሊመጣ ይችላል። በዚያች ቅጽበት የተነገራት ሁሉ ያልፋታል።

እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ይህ ሕመም ያለባቸውን ከ440 በላይ ልጆች ተከታትሏል። ኢቶሰክሲማይድና ቫልፕሮይክ አሲድ የሚባሉት መድኃኒቶች ሕመሙን በማቆም ተቀራራቢ ነበሩ፤ ትኩረትን በመጉዳት ግን ቫልፕሮይክ አሲድ ባሰ። ሕመሙ ቆሞላቸውም ትኩረታቸው ያልተመለሰ ልጆች ነበሩ። ስለዚህ ክኒን ብቻውን አይበቃም፣ ትምህርቷንም መከታተል አለብን።

ታክሲ ውስጥ «አጥፍቼ ነው ሐኪም ጋ የወሰድከኝ?» አለችኝ። አቅፌያት ዝም አልኩ። ነገ ጠዋት አስተማሪዋን ላናግር እሄዳለሁ።